የእጅ ሙያና የአፍ እውነት

ሰው የእጅ ሙያ ሲማር ሁለት ነገር አብሮ ሊማር ይገባዋል። አንደኛው ሥራውን በእጁ መሥራት ነው፤ ሁለተኛው ያየውንና የሠራውን በአፉ በትክክል መናገር ነው። አብዛኛው ሰው ግን የመጀመሪያውን ብቻ ይማርና ሁለተኛውን እንደ ትርፍ ነገር ይተወዋል።

ሸማኔ ጥበቡን አበላሽቶ ቢያመጣ ገዢው በፀሐይ ዘርግቶ አይቶ ይመልስበታል። ሸክላ ሠሪም የተሰነጠቀ እንስራ ብታቀርብ ገዢዋ በጣቷ አንኳኩታ በድምፁ ታውቅባታለች። ዳሩ ግን ውስጡ የማይታይ ዕቃ የሚጠግን ሰው፣ ይኸውም ሰዓት ሠሪው፣ ራዲዮ ጠጋኙ፣ መካኒኩ፣ እንደዚሁም ሐኪሙ፣ ሥራቸው እንዲህ በቀላሉ አይመዘንም። ባለቤቱ የሚያውቀው ዕቃው አልሠራ ማለቱን ብቻ ነው፤ የቀረውን የሚሰማው ከሙያተኛው አፍ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሙያተኛ ከእጁ ይልቅ አፉ የታመነ ሊሆን ያስፈልጋል። እኔ ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከገዛ ጥፋቴ ነው። ወጣት አንባቢ በራሱ ኪሳራ ከሚማር በእኔ ኪሳራ ቢማር ይሻለዋል ብዬ እጽፈዋለሁ።

በ2002 ዓ.ም. ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ፍለጋ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ወረድሁ። ጅቡቲ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ መግቢያ ላይ የተቀመጠች የወደብ ከተማ ናት። እኔ የድሬዳዋ ልጅ ስለሆንሁ ሙቀት አዲስ ነገር አይሆንብኝም ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ተሳስቼ ኖሯል። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ለዘብ ያለ ነው። ሰኔና ሐምሌ ሲገቡ ግን ቀኑ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ካምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ከበረሃው አቧራ አዝሎ ይነፍሳል፤ ሌሊቱም ብዙ ጊዜ ከ30 ዲግሪ አይወርድም። ነፋሱ ባረፈ ጊዜ ደግሞ የባሕሩ እርጥበት ይተካና ልብስ ከገላ ጋር ይጣበቃል።

የደጋ ሰው ቤቱን ለማሞቅ ከሰል ያቀጣጥላል፤ ከሰሉ ቢያልቅበትም ጋቢ ደርቦ ያድራል። የበረሃና የባሕር ዳር ሰው ግን ልብሱን አውልቆ ከጨረሰ በኋላ ሙቀቱ ቢበረታበት ቆዳውን ሊያወልቅ አይችልም። ስለዚህ በዚያ ከተማ የቤት ማቀዝቀዣ መኪና የቅንጦት ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ሽማግሌ፣ ሕፃን ወይም በሽተኛ ላለበት ቤት እንደ መድኃኒት ይቈጠራል። የአገሩ ሰው ስሟን ከፈረንሳይኛ ወስዶ «ክሊም» ይላታል፤ እኛም እንደዚያው እንላት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ከኢትዮጵያ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ መስመር ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ የአገራችን ወንዞች የሚያመነጩት ኃይል ብዙዎቹን የዚያች ከተማ ክሊሞች ያዞራል።

እኔም ክሊም በሚጠግንና በሚሸጥ አንድ ሱቅ ተቀጠርሁ። ሙያውን ያስተማሩኝ በድሬዳዋ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ያደጉ አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ ነበሩ። ብዙ ሰው ክሊም ብርድ የምትሠራ ይመስለዋል፤ እኔም ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን በመጀመሪያው ቀን «አንተ ልጅ፣ ብርድ የሚሠራ መኪና በዓለም የለም። ይህች ኩሊ ናት። ሙቀቱን ከቤት ውስጥ ተሸክማ ደጅ ትጥለዋለች» አሉኝ።

ነገሩም እንዲህ ነው። በቤቱ ውስጥ ባለው ክፍሏ ፈሳሽ የሆነ ጋዝ በቀጭን የመዳብ ቱቦ ውስጥ እየፈላ ይተናል፤ ሲተንም የክፍሉን ሙቀት ይጠጣል። አልኮል በእጃችን ላይ ሲፈስ የሚያቀዘቅዘን በዚሁ ምክንያት ነው። የተነነውን ጋዝ ኮምፕሬሰር የሚባለው የመኪናዋ ልብ ስቦ ይጨምቀዋል፤ ሲጨመቅም እጅግ ይሞቃል። ከዚያ በኋላ በውጭው ክፍል ቬንትሌተር እየነፋበት ሙቀቱን ለደጁ አየር ይለቅና መልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹም በጠባብ መንገድ አልፎ ግፊቱ ሲወርድ ይቀዘቅዝና እንደገና ወደ ቤት ይገባል። እንግዲህ ሙቀቱ አልጠፋም፤ ቦታ ለወጠ እንጂ። በጠባብ ሰፈር ውስጥ የአንዱ ክሊም ትኩስ ትንፋሽ በጎረቤቱ መስኮት እንዲገባ አድርጎ መስቀል ነውር የሚሆነው ስለዚህ ነው።

የባሕር ዳር ክሊም ዋና ጠላቷ ጨው ነው። የውጭው ክፍል የተሠራው ከመዳብ ቱቦና እንደ ወረቀት ከሳሱ የአሉሚኒየም ቅጠሎች ነው። ሁለቱ ተነካክተው ሳለ ጨዋማ እርጥበት ሲያርፍባቸው አሉሚኒየሙ ይበላል። በባሕሩ አፋፍ ላይ ተሰቅላ ማንም ሳይንከባከባት የቆየች ክሊም ጀርባዋን በጣት ቢነኳት እንደ አመድ ትረግፋለች። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ከባሕር ነፋስ ከለል ባለ ቦታ መስቀል፣ ጨው እንዲችል የተቀባውን ዓይነት መምረጥ፣ ከሁሉም በላይ ጨዉ ሳይጋገር በንጹሕ ውኃ ቶሎ ቶሎ ማጠብ ነው። ነገር ግን ሰው የተበላሸውን ለማስጠገን እንጂ ያልተበላሸውን ለማጠብ ገንዘብ ማውጣት አይወድም።

ሽማግሌው አራት ትእዛዝ ነበራቸው፤ «መጀመሪያ ተመልከት፤ ቀጥሎ አዳምጥ፤ ከዚያ ለካ፤ በመጨረሻ ተናገር» ይሉ ነበር። ብርዱ ሲያንስ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በአቧራ የተደፈነ ፊልትሮ ነው። ቱቦው በረዶ ቢይዝ አየሩ ታፍኗል፣ ወይም ጋዙ ጐድሏል። የውጭው ክፍል «እምምም» እያለ አልነሣ ካለ ደግሞ ካፓሲተሩን መጠርጠር ነው። ካፓሲተር ሞተሩ እንዲነሣና እንዲዞር የሚያግዝ፣ ትንሽ ጣሳ የመሰለ ዕቃ ነው፤ ሙቀት ቶሎ ይገድለዋል፤ ዋጋው ግን ከኮምፕሬሰር ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከምንም አይቈጠርም። በቴስተር ለክቶ ሁለቱን መለየት የሩብ ሰዓት ሥራ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በሥራው በሁለተኛው ዓመቴ፣ በሐምሌ ወር፣ አንዲት የአገራችን ሴት ወደ ሱቁ መጡ። እንጀራና ወጥ ለሾፌሮችና ለወደብ ሠራተኞች እየሸጡ የሚኖሩ ናቸው። ባላቸው ግማሽ አካላቸው ሰንፎ ከምግብ ቤቱ በስተጀርባ ባለችው ክፍል ተኝተው ነበር፤ የበሽተኛው ክፍል ክሊም ከቆመች ሁለት ቀን ሆኗታል። ሴትዮዋም ለባለሱቁ «አማርኛ የሚያውቅ ልጅ ስጡኝ» አሉት። እኔን ሰጣቸው።

ካቻቪቴዬንና ቴስተሬን ይዤ ሄድሁ። ክሊሟ አሮጌ ነበረች፤ በነጩ ክዳኗ ላይ አንዲት ሕፃን የለጠፈችው የአበባ ሥዕል ነበረባት። ተመለከትሁ፤ አዳመጥሁ፤ ለካሁ። የሞተው ካፓሲተሩ ነበር፤ ኮምፕሬሰሩ ምንም አልሆነም። ለባለሱቁ በስልክ ነገርሁት። እሱም «ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሏል በላት፤ አዲስ እንሽጥላት፤ ድርሻህን አስብልሃለሁ» አለኝ።

ስመለስ ሴትዮዋ የባላቸውን ፊት በእርጥብ ፎጣ እየጠረጉ ነበር። «ልጄ፣ ምን አገኘህባት?» አሉኝ።

«እማማ፣ ልቧ ተቃጥሏል። ብትጠገንም አታዋጣዎትም፤ መለወጥ ነው የሚሻለው» አልሁ።

ቀና ብለው አዩኝና «እውነትህን ነው?» አሉ።

«እውነቴን ነው» አልሁ።

በማግስቱ አዲሱን ክሊም ስንሰቅል 90,000 ፍራንክ ቈጥረው ከፈሉ። ትናንትና በጆሯቸው ላይ ያየሁት የወርቅ ጉትቻ አልነበረም። አየሁ፤ እንዳላየ ሰው ሆኜ ብሎኑን ማጥበቅ ቀጠልሁ። አሮጌዋንም «እኛ እንጥልልዎታለን» ብለን ወሰድናት፤ እሳቸውም ስለ ድካማችን አመሰገኑን።

ያን ሰሞን ለራሴ የምነግረው ሦስት ምክንያት ነበረኝ። አንደኛ፣ ያዘዘኝ ባለሱቁ ነው። ሁለተኛ፣ ክሊሟ አሮጌ ስለሆነች ዛሬ ባይሆን ነገ መለወጧ አይቀርም። ሦስተኛ፣ እምቢ ብል ከሥራ እወጣለሁ። ሦስቱም ውሸት አልነበሩም። ሰው ራሱን የሚያታልለው በሐሰት ብቻ አይደለም፤ ትንንሽ እውነቶችን እንደ ድንጋይ ደርድሮ ዋናውን እውነት ከኋላቸው ይደብቃል። ዋናው እውነት ግን አንድ ነበር፤ ተጠይቄ ዋሽቻለሁ።

ከአንድ ወር በኋላ ጠጕሬን ልስተካከል ወደ አንድ ጸጕር ቤት ገባሁ። ጸጕር አስተካካዩ ጐንበስ ሲያደርገኝ ቀዝቃዛ አየር ማጅራቴን መታው። ቀና ብዬ ባይ ከግድግዳው ላይ ነጭ ክሊም ተሰቅላለች፤ በክዳኗ ላይ የአበባ ሥዕል አለ። ተቃጥሏል ያልሁት ልብ ከውጭ ሲመታ ይሰማኛል። ባለሱቁ ካፓሲተሯን ለውጦ ለዚያ ሰው ሸጧት ኖሯል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሬ አውቀው ነበር፤ በማጅራቴ ላይ ይጠራል ብዬ ግን አልጠረጠርሁም።

ለሽማግሌው መምህሬ ነገርኋቸው። አልተቈጡኝም። «ተመልክተህ ነበር?» አሉኝ። «አዎን፣ ጋሼ።» «አዳምጠህ ነበር?» «አዎን።» «ለክተህ ነበር?» «አዎን።» አራተኛውን ሳይጠይቁኝ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በሴትዮዋ ደጅ ሦስት ቀን አልፌ ሄድሁ። በአራተኛው ቀን ገባሁና የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። እንደሚያለቅሱ ወይም እንደሚሰድቡኝ ገምቼ ነበር፤ ሁለቱንም አላደረጉም። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «እኔ ስለ ኮምፕሬሰር የማውቀው የለኝም፤ ያመንሁት አፍህን ነው። በሰው አገር በአፌ ቋንቋ የሚያናግረኝ ልጅ አይዋሸኝም ብዬ ነው» አሉ።

ገንዘቡን በሙሉ እንደምመልስ ነገርኋቸው። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቅንቀው «ሙሉውንማ ብቀበል እኔም እንደ አንተ ልሆን ነው። አሮጌዋ ዕድሜዋ ገፍቶ ነበር፤ ይህችኛይቱ አዲስ ናት፤ እያገለገለችኝም ነው። ግማሹን ትከፍላለህ» አሉና የዱቤ ደብተራቸውን አወጡ። ወጥ በዱቤ ከሚበሉት ሾፌሮች ስም በታች የእኔን ስም ጻፉ፤ በጐኑም 45,000 ብለው አሰፈሩ።

ለባለሱቁ ከእንግዲህ ያልለካሁትን አልናገርም ብዬ ነገርሁት። በመጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ሥራ አሳጣኝ፤ እኔም ወጣሁ። የሁለቱን ወር ክፍያ የከፈልሁት በወደብ ጭነት በማራገፍ ነው። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው መምህሬ ከሱቁ ለቀው በግላቸው መሥራት ሲጀምሩ ወሰዱኝ። በየወሩ 5,000 ፍራንክ እየከፈልሁ በዘጠነኛው ወር ዕዳዬ አለቀ። ሴትዮዋ ስሜን በብዕር ሰረዙት። አልመረቁኝም፤ «ይቅር ብዬሃለሁ»ም አላሉኝም። ደብተሩን ዘግተው «ነገ ጧት ና፤ የክሊሟን ፊልትሮ ታጥብልኛለህ» አሉኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ከዚያ የበለጠ ምርቃት አልተቀበልሁም።

ከዚህ ታሪክ ተነሥቶ መጠገን ሁልጊዜ ሐቀኝነት፣ መለወጥ ሁልጊዜ ማታለል ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር ግን ይሳሳታል። ከሽማግሌው ጋር ስሠራ ቤቱ ከባሕሩ ፊት ለፊት የሆነ አንድ ሰው ደንበኛችን ነበር። የክሊሙ የውጭ ክፍል በጨው ተበልቶ ቱቦው በብዙ ቦታ ይተነፍስ ነበር። ሰውዬው በየወሩ ጋዝ እንድንሞላለት ይፈልጋል፤ እኛም ብንሞላ በየወሩ ገንዘብ እናገኝ ነበር። ሽማግሌው ግን «ጌታዬ፣ የተቀደደ ስልቻ እየሞላሁ ዋጋ አልቀበልዎትም። ይህ ይለወጥ» አሉት። ሰውዬው እንደ አታላይ ቈጥሮን ሌላ ጠጋኝ ጠራ። እውነት አንዳንድ ጊዜ ርካሽ ናት፤ አንዳንድ ጊዜም ውድ ናት። የሙያተኛው ግዴታ ርካሹን ወይም ውዱን መምረጥ ሳይሆን የለካውን መናገር ነው።

ሌላም ነገር አለ። በሱቁ ሳለን አሮጌ ክሊም ስናወርድ ጋዙን ወደ አየር እንለቀው ነበር፤ ፉጨቱን ሰምተን እንስቃለን። አር 22 የሚባለው ያ ጋዝ ምድርን ከፀሐይ ጐጂ ጨረር የሚከልለውን የኦዞን ሽፋን የሚያሳሳ ነው፤ ሙቀት በማመቅ በኩልም አንድ ኪሎው ከአንድ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,800 ጊዜ ያህል ይበልጣል። የዓለም መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1987 በሞንትሪያል የተዋዋሉት ኦዞንን የሚጐዱ ጋዞች ቀስ በቀስ እንዲቀሩ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በኪጋሊ ደግሞ በምትካቸው የመጡትንና ምድርን የሚያሞቁትን ጋዞች ለመቀነስ ተስማሙ። ሽማግሌው መምህሬ ጋዙን በባዶ ሲሊንደር ስበው ያስቀምጡት ነበር። «ማን ያይዎታል?» ብዬ ብጠይቃቸው «ስትዋሽስ ማን አየህ?» አሉኝ። የምናውቀውን ሰው ማታለል ክፉ ነው፤ የማናውቀውን፣ ገና ያልተወለደውን ሰው መጉዳትም ከዚያ አያንስም።

ይህ ሙያ ራሱ ከየት እንደ ተነሣ ያወቅሁት ቈይቼ ነው። በአሜሪካ በፍሎሪዳ አገር አፓላቺኮላ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ጆን ጎሪ የሚባል ሐኪም ይኖር ነበር። በትኩሳት የሚሠቃዩ በሽተኞቹን ለማቀዝቀዝ በረዶ በዕቃ አድርጎ ከጣሪያው ላይ ያንጠለጥል ነበር። በረዶው ከሩቅ በመርከብ የሚመጣ ስለሆነ፣ አየርን እየጨመቀ በረዶ የሚሠራ መኪና አበጀ፤ እ.ኤ.አ. በ1851ም የፈጠራ መብት ተሰጠው። ዳሩ ግን የሚረዳው ባለገንዘብ አጥቶ፣ ሰውም እየሳቀበት፣ እ.ኤ.አ. በ1855 ሞተ። ትኩሳቱን የሚያመጣው መጥፎ አየር ነው ብሎ ያምን ነበር፤ በዚህ ተሳስቷል፤ በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗ የታወቀው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ስለዚህ ቅን ሰውም ይሳሳታል። ነገር ግን በሳተ ሰውና በዋሸ ሰው መካከል ትልቅ ልዩነት አለ፤ የሳተው የለካውን ተናግሯል፤ የዋሸው ግን የለካውን ደብቋል።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ነገ መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ ሒሳብ ሠራተኛ ወይም እንደ እኔ ጠጋኝ ትሆን ይሆናል። በፊትህ የሚቆመው ሰው የአንተን ዕውቀት ስለሌለው «እውነትህን ነው?» ብሎ ይጠይቅሃል። ይህ ጥያቄ አጭር ነው፤ መልሱም አጭር ነው። ነገር ግን ያንን መልስ ከመስጠትህ በፊት የሰውዬውን ቤት፣ ከመጋረጃው በስተጀርባ የተኛውን በሽተኛ፣ ነገ የሚሸጠውን ጉትቻ አስብ። ጥፋት ከሠራህም ሳትዘገይ ሄደህ ተናገር፤ ዕዳህንም እየቈጠርህ ክፈል። የተሰበረ እምነት እንደ ካፓሲተር በሩብ ሰዓት አይለወጥም። ቢሆንም፣ እኔ እንዳየሁት፣ ከተጣለበት ሊነሣና ሊሠራ ይችላል።